በሃይስኩል ቤዝቦል አድልዎና አምበልነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማርች ሲገባ አሜሪካ ውስጥ የሃይስኩል ቤዝቦል ይጀመራል። የወላጆች ስልክም አብሮ ይጀመራል። እኔ ጋ የሚደውሉት ባብዛኛው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ አበሻ ወላጆች ናቸው። እነሱ በእግር ኳስ አድገው ልጃቸው ቤዝቦል የያዘባቸው። የጨዋታውን ሕግ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። ብዙው የሚጠይቀኝ «ልጄን ለምን አያሰልፈውም?» ብሎ ነው። የእኔም ልጅ በዚያው በር ስላለፈ ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ልጄ ሁልጊዜ ቤንች ላይ ነው። ይሄ አድልዎ አይደለም?

ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ሜዳ የሚገቡት 9 ናቸው። ቡድኑ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ልጅ አለ። የሃይስኩል ጨዋታ ደግሞ 7 ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) ብቻ ነው። ስለዚህ በየጨዋታው ግማሽ የሚጠጋው ልጅ ቁጭ ብሎ ያያል። እስከዚህ ድረስ ሒሳብ ነው።

እኔ ከአሰላለፉ ይልቅ ስህተት ከተሠራ በኋላ የሚሆነውን አያለሁ። ሾርትስቶፑ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሀል የሚቆመው ተከላካይ) ቀላል ኳስ በእግሮቹ መሀል አሳለፈ እንበል። ኮቹ (አሰልጣኙ) «አይዞህ፣ የሚቀጥለውን ያዝ» ብሎ ጮኸለት። ቀጣዩ ኢኒንግ ላይ ሌላ ልጅ ያንኑ ዓይነት ኳስ አሳለፈ፤ ወዲያው ተቀየረ። እዚህ ጋ ነው ልብ ማለት የሚያስፈልገው። ጎበዝ ልጅ ብዙ ቢጫወት ተገቢ ነው። የአንዱ ስህተት «ያጋጥማል» ተብሎ፣ የሌላው ስህተት «አይችልም» የሚያሰኝ ከሆነ ግን ሚዛኑ ተዛብቷል። በአንድ ጨዋታ ይሄ አይታወቅም። ሁለት ሦስት ሳምንት አፍን ዘግቶ ማየት ነው።

ከቻላችሁ ልምምድም እዩ። ማን ስንት ኳስ ይመታል? ኮቹ ቆሞ እጅ እግሩን የሚያርመው ማንን ነው? «ጉድ ጆብ» ብሎ ብቻ የሚያልፈውስ ማንን? አድልዎ የሚጀምረው እዚያ ነው። ጨዋታ ቀን የሚታየው ውጤቱ ነው። በልምምድ ሁለት እጥፍ ኳስ የመታ ልጅ በሜይ ወር በእርግጥም የተሻለ መቺ ይሆናል። ያኔ ኮቹ «እያሰለፍኩ ያለሁት የሚችለውን ነው» ቢል አልዋሸም።

በ1960ዎቹ ሮበርት ሮዘንታል የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአንዲት ርእሰ መምህርት ጋር ሆኖ አንድ ነገር ሞከረ። በዘፈቀደ የተመረጡ ተማሪዎችን ስም ለአስተማሪዎች ሰጥቶ «እነዚህ ዘንድሮ ይመነደጋሉ» አላቸው። በተለይ ከትንንሾቹ መሀል ስማቸው የተጠራው ልጆች እውነትም ተሽለው ተገኙ። ጥናቱ እስከ ዛሬ ቢያከራክርም ቤዝቦል ሜዳ ዳር የቆመ ወላጅ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም።

ለቡድኑ የሚመረጠው እንዴት ነው?

ሙከራው ጥቂት ቀን ነው። ሩጫ፣ ውርወራ፣ መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ መያዝ፣ መምታት። ከዚያ ስም ይለጠፋል ወይም በኢሜይል ይላካል። ዋናው ቡድን ቫርሲቲ ነው። ከሥሩ ጄቪ አለ። አንዳንድ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ቡድንም አለው።

ወላጅ ብዙ ጊዜ የማያውቃት አንዲት ነገር አለች። 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ብዙ ቦታ ጄቪ ላይ አይቀመጥም። ቦታው ለታናናሾቹ ይለቀቃል። ስለዚህ 11ኛ ክፍል ጄቪ ላይ በደንብ ሲጫወት የነበረ ልጅ በዓመቱ ወይ ቫርሲቲ ይገባል፣ ወይ ጨርሶ ይቀነሳል። «አምና ጥሩ አልነበረም እንዴ? ዘንድሮ ምን አደረጋቸው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው።

ሁሉም ልጅ እኩል የመጫወት መብት የለውም?

በሃይስኩል የለውም። ግራ የሚያጋባው ከሊትል ሊግ፣ ከትንንሽ ልጆቹ ሊግ፣ መምጣታችን ነው። ሊትል ሊግ ውስጥ በመደበኛው ሲዝን እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ ለ6 አውት (የተጋጣሚ ተጫዋች 6 ጊዜ ከጨዋታ ውጭ እስኪሆን) ሜዳ ላይ እንዲቆምና አንድ ጊዜ እንዲመታ የሚያስገድድ ደንብ አለ። ሃይስኩል ሲደርስ ያ ደንብ ይቀራል። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም በአብዛኛው በትምህርት ቤት ስፖርት መሳተፍን እንደ ዕድል እንጂ እንደ መብት አያዩትም። ስለ መጫወቻ ጊዜ ጠበቃ ለመያዝ የምታስቡ ካላችሁ ገንዘባችሁን ለኮሌጅ አስቀምጡት።

የአሰልጣኙ ልጅ በየጨዋታው ይሰለፋል። ምን ይባላል?

አሜሪካኖቹ ራሳቸው «ዳዲ ቦል» ይሉታል። የአባት ጨዋታ እንደማለት። ትንንሾቹ ሊጎች ውስጥ አሰልጣኙ ባብዛኛው የአንዱ ልጅ አባት ስለሆነ ነገሩ የተለመደ ነው። ሃይስኩል ላይ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ሁለት ነገር ግን አብሮ መታየት አለበት። አንደኛ፣ የአሰልጣኝ ልጅ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ጓሮ ውስጥ ኳስ ሲወረወርለት ያደገ ነው። አንዳንዴ በእርግጥም ከሁሉም ይሻላል። ሁለተኛ፣ በልጃቸው ላይ ከማንም በላይ የሚከብዱ አባቶችም አሉ። መኪና ውስጥ ሙሉ መንገድ የሚገሥጹ።

ይሄ ጥያቄ ሲነሣ የማይክ ፒያዛን ታሪክ የሚያመጣ ሰው አይጠፋም። አባቱ ቪንስ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ አሰልጣኝ ከነበረው ከቶሚ ላሶርዳ ጋር የልጅነት ወዳጅ ነበር። በ1988 በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) ላይ ዶጀርስ ልጁን የመረጡት በ62ኛው ዙር፣ 1390ኛ አድርገው ነው። ለላሶርዳ ውለታ ተብሎ። በቀጥታ ዘመድ ለዘመድ። ያ ልጅ ካቸርነትን (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ መያዝን) ለመማር ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ድረስ ሄዶ ተለማመደ። በ1993 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። 427 ሆም ረን (ከሜዳው አጥር የሚያልፍ ምት) መታ። በ2016 ቤዝቦል ሆል ኦፍ ፌም (የዝነኞች አዳራሽ) ገባ።

«አያችሁ፣ አድልዎም ጥሩ ነው» ብለው የሚደመድሙ አሉ። እኔ የምረዳው በተቃራኒው ነው። ማንም ያልፈለገው ልጅ በር ሲከፈትለት የት እንደደረሰ ተመልከቱ። የአባቱ ወዳጅ ላሶርዳ ያልሆነ ስንት ልጅ ቤቱ ቀርቷል?

ለቡድኑ ገንዘብ የሚሰጡ ወላጆች ልጆች ይቀድማሉ ይባላል። እውነት ነው?

ቡስተር ክለብ የሚባል የወላጆች ማኅበር አለ። ለሜዳ፣ ለመለያ ልብስ፣ ለመብራት ገንዘብ ያሰባስባል። በገንዘብ የመሰለፊያ ቦታ መግዛት በግልጽ የተከለከለ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ ሜዳ ዳር የሚታየውን፣ ሆት ዶግ የሚሸጠውን፣ ሣር የሚያጭደውን አባት ኮቹ በስሙ ያውቀዋል። ልጁንም እንደዚያው። ማታ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ፣ ወይም ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ያለባት እናት ይሄን ማድረግ አይችሉም። ኮቹ ክፉ ሰው ሳይሆን፣ የማያውቀውን ልጅ ይረሳል።

ትልቁ የገንዘብ ልዩነት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ትራቭል ቦል ላይ። በጋውን (ሰመሩን) ሙሉ ከከተማ ከተማ እየተዞረ የሚጫወትበት የግል ክለብ ነው። ክፍያው በዓመት ሺዎች ዶላር ይገባል። አንዳንድ የሃይስኩል ኮች በጋ ላይ እዚያው ክለብ ያሠለጥናል። ማርች ላይ ሙከራ ሲመጣ አሥሩን ልጅ ቀድሞ ያውቃቸዋል። የእናንተ ልጅ ያለው ጥቂት ቀን ነው። እነሱ በጋውን በሙሉ ታይተዋል። ይሄ በደንብ ቁጥር የሚከለከል አይደለም። ሆኖም ከሁሉም የበለጠ ፍትሕ የሚያዛባው እሱ ይመስለኛል።

ገንዘብ ባይኖርም የሚሠራ ነገር አለ። ብዙ ትምህርት ቤት ክረምት (ዊንተር) ላይ ለማንም ክፍት የሆነ ልምምድና የክብደት ክፍል አለው። በነፃ ነው። ልጁ እዚያ ይታይ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ያዙ፦ በ1984 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለስፖርትና ለመሳሰለው ተሳትፎ ክፍያ ማስገደድ አይችሉም ብሎ ወስኗል።

ቡድኑ ውስጥ ጥቁር ልጅ የእኔ ብቻ ነው። ዘር ቢሆንስ?

ብቻውን መሆኑ አያስገርምም። በሜጀር ሊግ፣ በከፍተኛው የፕሮፌሽናል ሊግ፣ ራሱ በ1981 ከመቶው ተጫዋች 18 ያህሉ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ዛሬ 6 አካባቢ ነው። የትራቭል ቦል ዋጋ አንዱ ምክንያት ነው ይባላል።

ልጁ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ስሙ ወይም ስለ ሃይማኖቱ የተነገረው ነገር ካለ ግን ጉዳዩ የመጫወቻ ጊዜ መሆኑ ቀረ። ቀኑን፣ ቃሉን፣ ማን እንደሰማ ጻፉ። ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አመልክቱ። ለፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ የሚቀርብ አቤቱታ በ180 ቀን ውስጥ መሆን አለበት። ነገሩ ሆድ ውስጥ ሲብላላ ቀኑ እንዳያልፍ።

ከኮቹ ጋር ማን ይነጋገር? ምን ብሎ?

በመጀመሪያ ልጁ ራሱ። ሃይስኩል ላይ ልማዱ ይሄ ነው። ልጁ ለኮቹ፣ ከዚያ ወላጅ ለኮቹ፣ ከዚያ አትሌቲክ ዳይሬክተሩ (የትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ)፣ ከዚያ ርእሰ መምህሩ። ደረጃ የዘለለ ወላጅ መልሶ ወደ ታች ይላካል። በእኛ አገር ልማድ ትልቅ ሰው ባለበት ልጅ ስለ ራሱ አይናገርም። እዚህ ግን ወላጅ ቀድሞ ሲናገርለት ልጁ ያንሳል። ሽማግሌ መላክማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ሊልኩ የነበሩ ግን አውቃለሁ።

ንግግሩ ጨዋታ ባለቀ ማግስት ይሁን። ብዙ ቡድን 24 ሰዓት ሳያልፍ ኮቹን ማነጋገር አይፈቅድም፤ ደግ ደንብ ነው። በሽንፈት የጦፈ ሰው ከጦፈ ሰው ጋር አይነጋገርም።

የሚጠየቀው ጥያቄ ነገሩን ሁሉ ይወስነዋል። «ለምን እሱን አሰለፍከው?» ከተባለ በሩ ይዘጋል። ኮቹ ስለ ሌላ ሰው ልጅ አያወራም፤ ትምህርት ቤቱም አይፈቅድለትም። ልጁ እንዲህ ቢል ይሻላል፦ «ኮች፣ በሁለተኛ ቤዝ ለመሰለፍ ምን ማሻሻል አለብኝ? ሁለት ነገር ንገረኝ።» ኮቹ «ውርወራህ ዘገምተኛ ነው፣ ባትህም ከርቭ ቦል ላይ ቀድሞ ይወጣል» አለ እንበል። ልጁ በሦስት ሳምንቱ ተመልሶ «እነዚያን ሁለቱን ሠርቻለሁ፣ እስቲ እየኝ» ይላል። አሁን መስፈርቱ በቃል ወጥቷል። ኮቹ ምንም ሊነግረው ካልቻለ፣ ወይም በየጊዜው ሌላ ምክንያት ካመጣ፣ እናንተም የምትፈልጉትን አውቃችኋል።

እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ ራሱ ቅሬታ ራሱ ሲተረጉም ግማሹን ያለዝበዋል። አፍሮ ነው። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በስልክም ይሆናል። በዋሽንግተን ዲሲ ከ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ወዲህ አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም በአማርኛ ይሠራሉ። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ብቻ ይበቃል። ይሉኝታ አያስፈልግም።

አቤት ብል ልጄን ጥርስ ውስጥ አላስገባውም?

ብዙ ሰው ዝም የሚለው ይሄን ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ኮችም ሰው ነው፤ ይቀየማል። ብዙዎቹ እዚያው የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው። ለሲዝኑ የሚከፈላቸው ጥቂት ሺህ ዶላር ነው። በየማታው የወላጅ ኢሜይል ይደርሳቸዋል። የእናንተ ኢሜይል አጭር፣ ስለ ራሳችሁ ልጅ ብቻ የሚያወራና ጥያቄ ያለበት ከሆነ ከብዙዎቹ የተለየ ይሆናል። ቅሬታ ካቀረባችሁ በኋላ ልጁ በግልጽ ከተገፋ ደግሞ ኢሜይሉ ላይ ቀን አለ። ለዚህ ነው ነገሩን በጽሑፍ ማድረግ የሚበጀው።

ከሜዳ ዳር መጮህን ግን ተዉት። በአማርኛም ቢሆን። ድምፁ ይተረጎማል።

አምበል እንዴት ነው የሚመረጠው?

ደንብ የለም። አንዱ ኮች ራሱ ይሾማል። ሌላው ልጆቹን ድምፅ ያሰጣል። ጭራሽ የማይሾምም አለ። ኮች ብቻውን ሲሾም የሚወደውን ልጅ ይሾማል። ልጆቹ ብቻቸውን ሲመርጡ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ታዋቂ የሆነውን ይመርጣሉ። እኔ የሚሻለኝ ሁለቱን መቀላቀል ነው፤ ልጆቹ በምስጢር ድምፅ ይስጡ፣ ኮቹ ብዙ ድምፅ ካገኙት ሁለት ሦስቱ ይምረጥ። ምን አይቶ እንደመረጠም ይናገር።

አምበልነት ስሙ ይከብዳል እንጂ ሥልጣኑ ትንሽ ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች እንኳን ብዙዎቹ አምበል የላቸውም። ዴሪክ ጂተር ለኒው ዮርክ ያንኪስ ከ2003 እስከ 2014 አምበል ነበር። እሱ ከወጣ በኋላ ኤረን ጀጅ በ2022 መጨረሻ እስኪሾም ድረስ ቦታው ባዶ ነበር። ቡድኑ ግን አልፈረሰም።

ልጄ አምበል አይደለም፣ ቋሚም አይደለም። መሪ ሊሆን ይችላል?

ይችላል። በልጄ ቡድን አንድ ተጠባባቂ ልጅ ነበር። ዱግአውት (የተጫዋቾች መቀመጫ) ውስጥ ደብተር ይዞ የተጋጣሚውን ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) እያንዳንዱን ውርወራ ይጽፋል። መቺው ከመውጣቱ በፊት ጠጋ ብሎ «ሁለት ስትራይክ ሲኖርህ ወደ ታች የሚሰበር ይወረውራል» ይለዋል። ግማሽ ሲዝን ሳይሞላ መቺዎቹ እሱን ሳያናግሩ ባት አያነሱም ነበር። አምበሉ ሌላ ልጅ ነበር። ስሙን ለማስታወስ ልጄን መጠየቅ አለብኝ።

ሌላም ቀዳዳ አለ። በብዙ ስቴቶች ፒቸሩና ካቸሩ ቤዝ ላይ ሲደርሱ ያልተሰለፈ ልጅ ተክቷቸው እንዲሮጥ ይፈቀዳል። ፈጣን እግርና ነቃ ያለ ዐይን ያለው ተጠባባቂ በዚህ በኩል በየጨዋታው ሊገባ ይችላል። ልጃችሁ ለኮቹ «ለሩጫ እኔ ዝግጁ ነኝ» ማለት ይችላል።

የተወደደው ልጅ የእኔ ከሆነስ?

ይሄን የጠየቀኝ ሰው በጣም ጥቂት ነው። መጠየቅ ግን ይገባል። በተለይ ልጁ ፒቸር ከሆነ።

ኮች የሚወደውን ፒቸር ደጋግሞ ያስወረውረዋል። ዋጋውን የሚከፍለው የልጁ ክርን ነው። ብሔራዊው የሃይስኩል ማኅበራት ፌዴሬሽን ከ2017 ጀምሮ እያንዳንዱ ስቴት የውርወራ ቁጥር ገደብ እንዲኖረው አስገድዷል። ቁጥሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ሜጀር ሊግና ዩኤስኤ ቤዝቦል ያወጡት መመሪያ ለ17 እና ለ18 ዓመት ልጅ በቀን ከ105 ውርወራ እንዳያልፍ፣ ከ80 በላይ ከወረወረ ደግሞ 4 ቀን እንዲያርፍ ይላል። ችግሩ ማክሰኞ ለትምህርት ቤቱ፣ ቅዳሜ ለትራቭል ቡድኑ ሲወረውር ሁለቱን የሚደምር ሰው አለመኖሩ ነው። ደማሪው እናንተ ሁኑ። ስልካችሁ ላይ ጻፉት። «ቶሚ ጆን» የሚባለው የክርን ጅማት ቀዶ ጥገና በ1974 ሲጀመር ለአዋቂ ፕሮፌሽናል ነበር። ዛሬ ለሃይስኩል ልጆችም ይሠራል።

አሰልጣኝ ነኝ። ማድላቴን በምን አውቃለሁ?

ብቻችሁን አታውቁትም። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል የልጆች ቤዝቦል አሰልጣኞችን ሜዳ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዷን ድርጊታቸውን መዘገቡ። ከዚያ አሰልጣኞቹንም ልጆቹንም ጠየቁ። የልጆቹ መልስ ከመዝገቡ ጋር ተቀራረበ። አሰልጣኞቹ ግን ስለ ራሳቸው የሚያውቁት ጥቂት ሆኖ ተገኘ። በኋላ ባደረጉት ጥናት ማበረታታትና ማረም የሠለጠኑ አሰልጣኞች ጋ ከነበሩት ልጆች በዓመቱ ያቆሙት 5 በመቶ ነበሩ። ካልሠለጠኑት ጋ 26 በመቶ።

ስለዚህ ረዳታችሁ አንድ ሳምንት ልምምድ ላይ ይቁጠር። ለማን ስንት ጊዜ በስም ተናገራችሁ? ወረቀቱን ስታዩ ስሙ አንዴም ያልተጠራ ልጅ አይጠፋም።

ልጄ መተው ይፈልጋል። ወይስ ትምህርት ቤት እንቀይር?

ለመተው ከፈለገ ሲዝኑ መሀል ላይ ባይሆን ይመረጣል። ጨዋታውን ጠልቶ ነው ወይስ ኮቹን? ሁለቱ መልሳቸው ለየቅል ነው። ጨዋታውን ከጠላ፣ ይተው። አትሌቲክሱ አለ፣ እግር ኳሱም አለ።

ለስፖርት ብሎ ትምህርት ቤት መቀየር ግን ጣጣ አለው። ብዙ ስቴቶች ቤት ሳይቀይር ትምህርት ቤት የቀየረን ተጫዋች ለተወሰነ ጊዜ ከጨዋታ ያግዳሉ። ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት የአዲሱን ትምህርት ቤት አትሌቲክ ዳይሬክተር ጠይቁ።

ኮቹን ከሆነ የጠላው፣ በጋውን ሌላ ቦታ ይጫወት። አሜሪካን ሊጅን ቤዝቦል ከ1925 ጀምሮ ያለ ነው። እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችን ይቀበላል። ከትራቭል ቦል በጣም ይረክሳል። አንዳንድ ቦታ ግን የሊጅኑን ቡድን የሚያሠለጥነው ራሱ የትምህርት ቤቱ ኮች ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ማን እንደሆነ አጣሩ።